የጊታር ፍልሚያውን ብቻ ላየን ሰዎች፦ «ክሮስሮድስ»ን ስናይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ባለቤት ካሴቱን ሲያከራየን «ካራቴ ኪድ ነው፤ ይኸኛው ግን ጊታር ይዟል» ነበር ያለን። አልዋሸም፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ልጅ ያው ራልፍ ማቺዮ ነው። ቤት ገብተን ከፈትነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ቡጢ ስንጠብቅ አንድ ነጭናጫ ሽማግሌና አንድ ልጅ በአቧራ መንገድ ላይ እየተነታረኩ ይሄዳሉ። ተስፋ ቆርጠን ልናወጣው ስንል ሁለት ሰዎች በጊታር የሚፋለሙበት ቦታ መጣ። ከዚያ ወዲያ ያንን ብቻ ወደ ኋላ እያጠነጠንን፣ ምስሉ በረዶ እስኪያበዛ ድረስ አየነው። ለብዙ ዓመታት «ክሮስሮድስ» (መስቀለኛ መንገድ) የሚባለው ፊልም ማለት ለእኔ እነዚያ የመጨረሻ ደቂቃዎች ብቻ ነበሩ።

አሁን ካሴቱ ዩቲዩብ ሆነ እንጂ ልማዱ ያው ነው። ሰው ክሊፑን ያያል፣ ከሥሩ ስለ ሰይጣን ኮመንት ይጽፋል፣ ፊልሙን ግን አላየውም። ከታች የማነሳቸውን ስህተቶች ጊታር ከሚማሩ ልጆች አፍ ደጋግሜ ሰምቻቸዋለሁ፤ ግማሾቹን ራሴም ሠርቻቸዋለሁ። ፊልሙ የወጣው በማርች 1986 እ.ኤ.አ. ስለሆነ መጨረሻውን መናገሬን ነውር አታድርጉብኝ።

ላላየው ሰው ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ዩጂን ማርቶን የ17 ዓመት ልጅ ነው፤ ኒው ዮርክ ጁሊያርድ ትምህርት ቤት ክላሲካል ጊታር ይማራል፤ ልቡ ግን ያለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ በሆነው በሚሲሲፒ ብሉዝ ላይ ነው። ሮበርት ጆንሰን የተባለው የብሉዝ ሰው በሕይወቱ 29 ዘፈኖች እንደቀዳ ይታወቃል። ዩጂን 30ኛ የጠፋ ዘፈን አለ ብሎ ያምናል። የጆንሰን ወዳጅ ነበር የተባለውን ዊሊ ብራውንን ጥበቃ ካለበት የአረጋውያን ማቆያ ውስጥ ያገኘዋል። ሽማግሌውም «ከዚህ አውጥተህ ሚሲሲፒ አድርሰኝ፤ ዘፈኑን እሰጥሃለሁ» ይለዋል። ዳይሬክተሩ ዋልተር ሂል፣ ሙዚቃው የራይ ኩደር ነው። ድርሰቱን የጻፈው ጆን ፉስኮ ያኔ ገና የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር።

ስሙን ብቻ ጽፎ መፈለግ

ይህ ቀላሉ ነው። በ2002 በዚሁ ስም የወጣ፣ ብሪትኒ ስፒርስ የምትሠራበት ሌላ ፊልም አለ። ዓመተ ምሕረቱን ወይም የማቺዮን ስም ጨምሩበት። አንድ ጓደኛዬ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሮበርት ጆንሰን መቼ ይመጣል ብሎ ጠብቋል።

ዊሊን እንደ ሚያጊ ማየት

የቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ ያሳሳተን እዚህ ላይ ነው። «ካራቴ ኪድ» በ1984 ወጣ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያው ልጅ፣ ያው አፍላ ፊት፣ ከጎኑ ደግሞ አንድ ሽማግሌ። ስለዚህ ተመልካቹ ሽማግሌው አስተማሪ፣ ልጁ ደቀ መዝሙር፣ መጨረሻው ውድድር ነው ብሎ ይቀመጣል። ሲያልቅም «ኮፒ ነው» ብሎ ይነሣል።

የ«ካራቴ ኪድ» አስተማሪ ሚያጊ ግን ከልጁ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ጆ ሴኔካ የሚጫወተው ዊሊ ብራውን ዋሾ ነው። ከማቆያው ለመውጣት ዋሸ፣ በመንገድ ላይም ዋሸ፤ ልጁን ያመጣው ለልጁ ብሎ ሳይሆን የራሱ ያደረ ዕዳ ስላለበት ነው። ገና ወጣት ሳለ መስቀለኛ መንገድ ላይ ነፍሱን ሸጧል፤ ውሉን ለማፍረስ ወደዚያው መመለስ አለበት። አስተምረኝ ሲባል አያስተምርም፤ ያሾፋል። ልጁን «መብረቁ ልጅ» እያለ ይጠራዋል፤ እንዲህ ያለ ስም ለእውነተኛ ብሉዝ ሰው ክብር ሲሆን ለሎንግ አይላንድ ልጅ ግን ስድብ ነው። ሰው በእግሩ ሲሄድ፣ ዝናብ ሲመታውና ከየቦታው ሲባረር ምን እንደሚሰማው ያሳየዋል እንጂ ጣቱን ይዞ «እዚህ ጋ አድርግ» አይለውም።

እኛ አገር ሙያን ከአባት ወይም ከአጎት የተማረ ሰው ይህን ሽማግሌ ያውቀዋል። ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ አይደለም። ከሥሩ ሆነህ እየተሰደብክ፣ እየተላላክ፣ እጁን እያየህ ነው የምትሰርቀው።

ፊልሙን ከመጨረሻው መጀመር

ፍልሚያውን ደጋግሞ ማየት ኃጢአት አይደለም። ችግሩ ልጁ አዋቂ የሆነው እዚያ ላይ ነው ብሎ ማሰቡ ነው። እኔ እንደማየው ዩጂን አዋቂ የሆነው ቀደም ብሎ ነው፤ ያንን ቦታ ደግሞ ማንም ክሊፕ አድርጎ አያጋራውም።

መንገድ ላይ ፍራንሲስ የምትባል ከቤቷ የጠፋች ልጅ ታገኛቸዋለች። ሎስ አንጀለስ ሄዳ ዳንሰኛ መሆን ትፈልጋለች። ከዩጂን ጋር ትፋቀራለች፤ ከዚያ ትታው መንገዷን ትቀጥላለች። ጩኸት የለም፣ ጠብ የለም። ዩጂን ጊታሩን አንሥቶ ስላይዱን (ክሩ ላይ የሚንሸራተተውን ቱቦ) ጣቱ ላይ ያጠልቅና መጫወት ይጀምራል።

ይህን ቦታ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። የመጀመሪያው ድምፅ ቀጥ ብሎ አይመጣም፤ ከታች ተነሥቶ እየተንሸራተተ ይደርሳል፣ ከደረሰም በኋላ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ዝምታ። ቀጣዩ ድምፅ እስኪመጣ ድረስ ረስቶት ይሆን እንዴ እስክትሉ ያስጠብቃል። ፊልሙ ሲጀመር ያ ልጅ ይህን ባዶ ቦታ በአሥር ኖታ ይሞላው ነበር፤ ጣቱ ፈጣን ስለሆነ ዝምታ ያስፈራው ነበር። አሁን ዝም ማለት ችሏል። ዊሊም ለመጀመሪያ ጊዜ አያሾፍም። ብሉዝ ማለት ሌላ ሳይሆን ደህና ሰው ክፉ ሲሰማው፣ አብራው የነበረችውን ሴት ሲያስብ ነው ይለዋል። ይቺን አባባል ብሉዝ ሰዎች ከፊልሙ በፊትም ይሏት ነበር፤ እዚህ ቦታ ላይ ስትነገር ግን ሆድ ትበላለች።

ካሴቱን ወደ ኋላ እያጠነጠንን ፍልሚያውን በምናይበት ዘመን ይህንን ቦታ «ልጅቷ ሄደች፣ በል እለፈው» ብለን ነበር የምናልፈው።

ጣቶቹ የማን እንደሆኑ ሳያውቁ መከራከር

ሁለት ወገን አለ። አንዱ «ማቺዮ እንዴት ይችላል!» ይላል፤ ሌላው «ምን ማቺዮ፣ ሁሉንም የተጫወተው የሮክ ጊታሪስቱ ስቲቭ ቫይ ነው» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ማቺዮ ለፊልሙ ሲል ጊታር ተምሯል። በብሉዙ በኩል አርለን ሮት፣ በክላሲካሉ በኩል ዊልያም ካነንጋይዘር አሠልጥነውታል፤ ስለዚህ ጣቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ያሉት መሆን ያለባቸው ቦታ ነው። የምንሰማው ድምፅ ግን የእሱ አይደለም። የስላይዱ ድምፅ የራይ ኩደር ነው፤ አሁን ያነሣሁት የሐዘን ጨዋታም የእሱ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚሰሙትን ክላሲካል ጨዋታዎች ካነንጋይዘር ተጫውቷቸዋል። ቫይ የሚመጣው በፍልሚያው ላይ ነው፤ ጃክ በትለር የተባለውን የሰይጣኑን ጊታሪስት ሆኖ ይተውናል፣ የራሱንም ክፍል ይጫወታል። ኩደር በዩጂን በኩል በስላይድ ይመልስለታል። መጨረሻ ላይ ዩጂን የሚያሸንፍበትን ፈጣን ክላሲካል ክፍል ግን የተጫወተው ያው ቫይ ነው። ሰውዬው ራሱን በራሱ አሸንፏል ማለት ነው።

ስለ ሃርሞኒካው ማንም አይከራከርም፤ ይህም ያሳዝነኛል። ሴኔካ አፉ ላይ የሚይዘውን ሃርሞኒካ ከነፉት አንዱ ጆን ሎጋን ነው። ዓይነ ስውሩ ታላቁ ሶኒ ቴሪም በፊልሙ ሙዚቃ ላይ አለበት። ቴሪ ያረፈው ማርች 11 ቀን 1986፣ ፊልሙ ሲኒማ ቤት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው።

«ብሉዝ አሸነፈ» ብሎ መደምደም

ፍልሚያውን እንደገና በጥሞና እዩት። በትለር ሮክ ይዞ ይመጣል፤ ዩጂን በብሉዝ ይመልሳል። እስከተወሰነ ድረስ እኩል ይሄዳሉ፤ ከዚያ በትለር ይበልጠዋል። ልጁ በብሉዝ ብቻ ቢቀጥል ኖሮ ተሸንፎ ነበር። የራሱንም ነፍስ ለዊሊ ነፍስ አስይዟልና ሁለቱም ይጠፉ ነበር። ያዳነው ከቤቱ ሲወጣ ጥሎት የመጣው የመሰለው ነገር ነው። የመጨረሻው ክፍል የተወሰደው ጣልያናዊው ፓጋኒኒ ለቫዮሊን ከደረሰው 5ኛ ካፕሪስ ነው። በትለር ያንን ልከተል ብሎ ይሞክራል፤ ጣቱ አልታዘዝ ይለዋል።

ይህ ከፊልሙ መጀመሪያ ጋር የሚገጥም ነገር ነው። ዩጂን ጁሊያርድ ውስጥ የሞዛርትን የቱርክ ማርሽ ከተጫወተ በኋላ ጫፉ ላይ የብሉዝ ጭራ ይቀጥልበታል፤ መምህሩ ደግሞ ለሁለት ጌታ መገዛት አይቻልም የሚል ነገር ይነግረዋል። በሌላ ወገን ዊሊ ትምህርት ቤቱን ይንቅበታል። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ግራና ቀኝ ቆመው፣ አንዱን ምረጥ ይሉታል። ልጁ መጨረሻ ላይ ሁለቱንም እምቢ አለ።

እዚህ ላይ አንድ የማይመቸኝን ነገር ልናገር። ጥቁሮች በመከራ የወለዱት ሙዚቃ ሲፈተን የሚያድነው ነጭ ልጅ፣ ያውም በጣልያን ቫዮሊን ሙዚቃ መሆኑ ያስከፋቸው ሰዎች አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ፊልሙን እወደዋለሁ፤ ይህን ነገር ግን «ፊልም ነው ተዉት» ብዬ አላልፈውም። ሁለቱን አብሮ መያዝ ይቻላል።

ፓጋኒኒም የተመረጠው ዝም ብሎ አይመስለኝም። ያ ቫዮሊኒስት በዘመኑ «ይህ የሰው ችሎታ አይደለም፣ ከሰይጣን ጋር ተዋውሏል» ተብሎ ይወራበት ነበር። በ1840 ኒስ ውስጥ ሲሞት የከተማው ጳጳስ ሥርዓተ ቀብር ከልክለውት አስከሬኑ ለዓመታት በተባረከ መሬት ሳያርፍ ቆይቷል። ሚሲሲፒ ላይ ሮበርት ጆንሰን እንዲህ ሳይባል መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ አውሮፓ ውስጥም ያው ወሬ ነበር ማለት ነው።

የሮበርት ጆንሰንን ውል እንደ ታሪክ መጥቀስ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

ፊልሙ የሚከፈተው ሮበርት ጆንሰንን መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ በማሳየት ነው። ከዚያ የተነሣ ሰው ሁሉ «ጆንሰን ነፍሱን እንደሸጠ ራሱ ዘፍኗል» ይላል። አልዘፈነም። ጆንሰን ያንን የመስቀለኛ መንገድ ዘፈን የቀዳው ኖቬምበር 27 ቀን 1936 ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ ውስጥ ነው። ግጥሙን ስሙት፦ መንገዱ ላይ ሄዶ ይንበረከካል፤ ማንን ነው የሚለምነው? እግዚአብሔርን። ማረኝ ይላል። ከዚያ መኪና ለማስቆም እጁን ያወጣል፤ የሚያውቀው የለም፣ ሁሉም ያልፈዋል። ፀሐይ እየጠለቀች ነው፤ ጨለማ እዚሁ ሊይዘኝ ነው ይላል። በመጨረሻም ለወዳጄ ለዊሊ ብራውን ንገሩልኝ ይላል። በዘፈኑ ውስጥ ሰይጣን የሚባል ፍጡር አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም።

በ1930ዎቹ ሚሲሲፒ ውስጥ አንድ ጥቁር ወጣት በማያውቁት ሰፈር ብቻውን ሲመሽበት ምን ሊገጥመው እንደሚችል ለሚያውቅ ሰው ይህ ዘፈን ለማስፈራት ሰይጣን አያስፈልገውም። ሸሪፉ በሥራ ፈትነት አስሮ የጉልበት ሥራ ሊያስፈርድበት ይችላል፤ የባሰም ይመጣል። ሰሙ መንገድ ነው፣ ወርቁ ፍርሃት። በሰምና ወርቅ ያደገ ጆሮ ይህንን ለመስማት ከማንም የተሻለ ነው፤ እኛም ግን ከፊልሙ የሰማነውን ሰይጣን ይዘን እንሮጣለን።

እውነቱን ለመናገር ጆንሰን በሌሎች ዘፈኖቹ ሰይጣንን ይጠራል፤ ከሰይጣን ጋር ጎን ለጎን እንደሚሄድ የሚዘፍንበት አለ። የውሉ ታሪክ ግን መጀመሪያ የተነገረው ስለ ሌላ ሰው ነው፤ ስለ ቶሚ ጆንሰን። ዘመድ አይደሉም፤ ስማቸው ብቻ ይገጥማል። የቶሚ ወንድም ሌዴል፣ ወንድሙ እኩለ ሌሊት መስቀለኛ መንገድ ሄዶ አንድ ግዙፍ ጥቁር ሰው ጊታሩን ቃኝቶ እንደሰጠው ለተመራማሪው ዴቪድ ኢቫንስ አውርቷል። በጊዜ ብዛት ታሪኩ ከአንዱ ጆንሰን ወደ ሌላው ጆንሰን ተዛወረ፤ ዝነኛ የሆነው ሮበርት ነበርና።

ታዲያ ሮበርት በድንገት እንዴት ጎበዝ ሆነ? ትልቁ ብሉዝ ዘፋኝ ሰን ሃውስ የሚያወራው ይህ ነው፦ ሮበርት ልጅ ሳለ ሃውስና ዊሊ ብራውን እሑድ ዋዜማ ሲጫወቱ እየመጣ ይቀመጣል። ለእረፍት ሲወጡ ጊታራቸውን አንሥቶ ይሞክራል። ሰዉ ደግሞ እየወጣ «ጊታሩን ከዚያ ልጅ ላይ ንጠቁልን፤ ሊያሳብደን ነው» ይላል። ከዚያ ልጁ ጠፋ። ሲመለስ የራሱ ጊታር ነበረው፤ ሲጫወት ሁሉም አፉን ከፍቶ ቀረ። ሃውስ የጠፋው ጥቂት ወራት ነው ይላል፤ የሕይወት ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች ግን ከአንድ ዓመት በላይ እንደቆየ ይናገራሉ። የት ነበር? ወደ ተወለደበት ወደ ሄዝልኸርስት አካባቢ ሄዶ አይክ ዚመርማን ከተባለ ጊታር ተጫዋች ዘንድ ነበር። ዚመርማን ማታ ማታ መቃብር ቦታ እየወሰደ ያለማምደው ነበር። ወሬኛ ይህንን ሲሰማ ምን እንደሚል መገመት አያቅትም፤ እነሱ ግን እዚያ የሄዱት ጸጥ ያለ ስለሆነና ማንንም ስለማይረብሹ ነው።

አሁን ታዲያ የትኛው ይበልጣል? በአንድ ሌሊት የተፈረመ ውል ወይስ ሁለት ሰዎች የመቃብር ድንጋይ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ሌሊት ከሌሊት፣ አንዱ እየተጫወተ አንዱ እየደገመ? ይህኛው ፊልም ገና አልተሠራም።

ሌግባን ሰይጣን ማድረግ

ዊሊ ውል የገባው ሌግባ ከሚባል ጋር ነው፤ በፊልሙ ስሙን ቀይሮ ስክራች ሆኗል። ሌግባ በምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ቤኒን አካባቢ ያሉ የፎን ሰዎች የሚያውቁት መንፈስ ነው፤ በባሪያ ንግድ ከተጋዙት ጋር ሄይቲ ደረሰ። በእነሱ እምነት የበርና የመንገድ ጠባቂ ነው፤ ከመናፍስት ጋር ለመነጋገር መጀመሪያ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው። እንደኛ ሰይጣን የክፋት ሁሉ አባት አይደለም። መስቀለኛ መንገድ ላይ የቆመውን የአፍሪካ መንፈስ ቀንድ ያበቀለለት የክርስቲያን ጆሮ ነው። ፊልሙ ስሙን ማስቀረቱ ጥሩ፤ ማብራሪያ ግን አይሰጥም።

ዊሊ ብራውንንና መስቀለኛውን መንገድ ካርታ ላይ መፈለግ

እውነተኛው ዊሊ ብራውን ነበር፤ ሃርሞኒካ ነፊ ግን አልነበረም። ጊታሪስት ነው፤ ከቻርሊ ፓተንና ከሰን ሃውስ ጋር ተጫውቷል፣ በ1930 ዊስኮንሰን ሄዶ ቀድቷል፣ በ1952 አርፏል። ስለዚህ በ1986 ኒው ዮርክ ማቆያ ውስጥ ሊገኝ አይችልም። ፊልሙ ስሙን ከዘፈኑ ላይ ነው የተዋሰው።

መንገዱም እንደዚያው ነው። ክላርክስዴል ከተማ አውራ ጎዳና 61 እና 49 በሚገናኙበት ቦታ ላይ ሦስት ሰማያዊ ጊታሮች ተሰቅለዋል፤ ቱሪስት ፎቶ ይነሣል። ዘፈኑ ግን የመንገድ ቁጥርም የከተማ ስምም አልጠራም። ፎቶውን ተነሡ፤ «እዚህ ጋ ነው» ብላችሁ ግን አትጻፉ።

30ኛውን ዘፈን መፈለግ

ዊሊ ራሱ በመንገድ ላይ ለዩጂን እውነቱን ያወጣል፦ የጠፋ ዘፈን የሚባል የለም። ሆኖም ዛሬም «ተገኝቷል» የሚል ቪዲዮ የሚለቅ አይጠፋም። ጆንሰን የቀዳው በ1936 ሳን አንቶኒዮና በ1937 ዳላስ ነው፤ 29 ዘፈኖች። አንዳንዶቹን ሁለት ጊዜ ስለቀዳቸው ከ40 በላይ ቅጂዎች አሉ፤ «አዲስ ዘፈን» እየተባለ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ሁለተኛ ቅጂዎች አንዱ ነው። በ1938 ሲሞት 27 ዓመቱ ነበር።

«ብሉዝ ማለት የእነሱ ትዝታ ነው» ማለት

ይህችን የማይላት የለም፤ እኔም ለውጭ ሰው ሳስረዳ ብዬአታለሁ። ግማሽ እውነት ናት። ሙሉውን የትዝታ ቅኝት ውሰዱ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። አሁን እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከላ ጀምሩ፦ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። ጊታር የሚማር ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው የብሉዝ መስመር ይኸው ነው። አምስቱ ድምፆች አንድ ናቸው፤ የተለየው ቤት ብሎ የሚመለስበት ድምፅ ነው።

ልዩነቱ ግን ከዚያ ይጀምራል። ብሉዝ በ12 ባር (እኩል የምት ክፍል) ይዞራል፤ ከሥሩ ሦስት ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ይቀያየራሉ። ትዝታ በአንዱ ቅኝት ውስጥ ነው የሚንከራተተው። ብሉዝ ተጫዋች ሦስተኛውን ድምፅ ወደ ታችም ወደ ላይም ሳያደርግ በመካከል ያጣምመዋል፤ ያ የተጣመመ ድምፅ በፒያኖ ቁልፍ ላይ የለም። ደግሞም ብሉዝ ሁልጊዜ ትካዜ አይደለም። ፊልሙ ውስጥ ዩጂንና ዊሊ ጥቁሮች የሚጨፍሩበት ጠጅ ቤት መሳይ ቦታ ገብተው የሚጫወቱበትን አስታውሱ፤ ሰዉ ላብ በላብ ሆኖ ይወዛወዛል።

እውነተኛውን ዝምድና የማየው በግጥሙ ላይ ነው። ብሉዝ ዘፋኝ የመጀመሪያውን ስንኝ ሁለት ጊዜ ይለዋል፤ በሦስተኛው መስመር ይመልሰዋል። ሁለተኛው ጊዜ አድማጩ ነገሩን እንዲይዝ፣ ዘፋኙም መልሱን እንዲያስብ ጊዜ ይሰጣል። አዝማሪ ቤት ተቀምጦ፣ ግጥም የተቀበለ አዝማሪ ስንኙን ደግሞ እያዜመ ቤት መምቻውን ሲፈልግ ያየ ሰው ይህን ዘዴ ሌላ ሰው ሊነግረው አያስፈልግም።

ስላይድ ገዝቶ ክሩን መጫን

ፊልሙን አይተው ጊታር ለሚያነሡ ነው። ስላይድ ማለት በቀለበት ወይም በትንሿ ጣት የሚጠለቅ የመስተዋት ወይም የብረት ቱቦ ነው። ውድ መግዛት አያስፈልግም፤ ዱዌን ኦልማን የተባለው ጎበዝ በጉንፋን መድኃኒት ጠርሙስ ነበር የሚጫወተው።

መጀመሪያ ሁሉም የሚሳሳተው ክሩን እንደ ልማዱ እስከ እንጨቱ ድረስ ሲጫነው ነው። አትጫኑ፤ ክሩ ላይ አስቀምጡት ብቻ። ሁለተኛ፣ በጣት ስንይዝ ከፍሬቱ ብረት ጀርባ ነው፤ በስላይድ ግን ልክ ከብረቱ በላይ መሆን አለበት፤ አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ከቀረ ድምፁ ይረክሳል። ሦስተኛ፣ ከስላይዱ በስተኋላ ያሉት ጣቶች ክሮቹን በቀስታ ነክተው ዝም ማሰኘት አለባቸው፤ አለዚያ ይንጫጫል። ቅኝቱም ይለወጣል፦ ስድስተኛውንና አንደኛውን ክር ከሚ ወደ ሬ፣ አምስተኛውን ከላ ወደ ሶል አውርዱት። ከዚያ ምንም ሳትይዙ ስድስቱንም ብትመቱ አንድ ኮርድ ይሆናል፤ ስላይዱን በየትኛውም ፍሬት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ብታስቀምጡ ሌላ ኮርድ ታገኛላችሁ።

እኔ ይህን ሁሉ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ አጥቤ፣ ጊታሩን እንደነበረ ቃኝቼ፣ ያንን የዩጂንን የሐዘን ጨዋታ ልሞክር ጓዳ ገባሁ። አንድ ሁለት ቀን ታገሡኝ። በሦስተኛው ቀን እናቴ በሩን ከፍታ፣ እጇ ላይ ያለውን ሊጥ ሳታራግፍ፣ «ልጄ፣ ወይ እሱን ነገር አስቀምጥ ወይ ውጭ ወጥተህ ተጫወት፤ ጎረቤት ሰው የታመመ መስሎት ሊጠይቀን ነው» አለችኝ። የሰን ሃውስን ታሪክ ያነበብኩት ከዚያ ብዙ ቆይቼ ነው፤ ያ «ጊታሩን ንጠቁልን» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ።